የእትዬ ደስታ ጌም ቤት

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ወደ ቀራንዮ ስሄድ፣ ባዶ እጄን ላለመግባት ብዬ 18 ማዞሪያ ላይ ከታክሲ ወርጄ አንዲት ቅቤ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቋ ቅቤውን ከተጠቀለለበት ኮባ ስትፈታው ከጀርባዋ አሮጌ ቴሌቪዥን በርቶ ነበር፤ ከበራ የቆየ፣ ጀርባው የጋለ። የለጋ ቅቤና የጋለ ቴሌቪዥን ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የመጣሁበትን ረሳሁት። ልጄ ናቲ እጄን እየጎተተ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ምን ብዬ ልንገረው? ይሄ የጌም ሽታ ነው ብለው ያበድኩ ይመስለዋል።

ናቲ ሰባት ዓመቱ ነው። ወንድሜ ዳዊት ለልደቱ ጌም ገዝቶለት ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ ከተሰቀለ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ባለቤቴ «ሰባት ዓመት በቂ ነው፣ ይጫወት» ይላል። አማቴ «አሥር ሳይሞላው ከነካው ዓይኑን ያጠፋዋል» ይላሉ። እኔ መሐል ቤት «ቆይ፣ ላስብበት» እላለሁ። እንዳስብበት ያደረገችኝ ግን ያቺ የቅቤ ሽታ ናት።

በእሱ ዕድሜ ሳለሁ በሰፈራችን የነበረው ጌም ቤት አንድ ብቻ ነበር። የጌም ቤቱ ባለቤት እትዬ ደስታ የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከሆሳዕና በኩል መጥተው ቀራንዮ ከከተሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። የፊት ለፊቷ ክፍል ቅቤ መሸጫ ነበረች፤ ኮባ የለበሰው ቅቤ ውሃ የሞላ ባኞ ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል። በመጋረጃ የተከለለችው የኋላ ጓዳ ደግሞ ጌም ቤት። ጌሙን የእህታቸው ልጅ ሐዋሳ ሥራ ሲያገኝ ትቶላቸው የሄደው ነው። እሳቸው ራሳቸው አንድም ቀን ተጫውተው አያውቁም። ጎል መግባቱን እንኳ የሚያውቁት በልጆቹ ጩኸት ነበር። ሆኖም በዚያች ጓዳ የእሳቸው ቃል ቃል ነው። እጁን ሳይታጠብ ጆይስቲክ የሚነካ የለም። የሚሳደብ የለም። ተሸንፎ ጆይስቲክ የወረወረ ሳምንት ሙሉ በበሩ አያልፍም።

ከቤት ተደብቀው ለሚመጡ ልጆች ግን ሽታው መከራ ነበር። እዚያ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ልጅ ፀጉሩም፣ ሹራቡም፣ ሁለመናው ቅቤ ቅቤ ይላል። ሳጠና ነው የዋልኩት ብሎ መዋሸት አይሞከርም። እማዬ ወንድሜን ዳዊትን በር ላይ ታስቆመውና አንገቱ ሥር አሽትታ «ዛሬም?» ትለው ነበር። በፍልሰታ ጾምማ ጉድ ነው። ሰው ሁሉ ቅቤ በተወበት ሰሞን መድኃኔዓለም ቅዳሴ ላይ ቅቤ የሚሸት ልጅ አጠገባቸው ሲቆም፣ እናቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ እያደረጉ በዓይን ይጠቃቀሳሉ። እኔ ደግሞ ፋኖስ በጋዝ እንደሚበራ ሁሉ ጌምም በቅቤ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ደስታ ቅቤ የሚያስመጡት ለዚያ እንደሆነና የተረፈውን ለሰው እንደሚሸጡ ነበር የማምነው።

ዳዊት በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እስከዚያ ክረምት ድረስ የትም ሲሄድ ከኋላው ነበርኩ። ጭቃ ሲሆን ትከሻው ላይ ያወጣኛል፤ በቆርኪ መኪና ይሠራልኛል፤ ጓደኞቹ «ይቺን ጭራህን ትተሃት ና» ሲሉት እነሱን ትቶ ከእኔ ጋር ይቀራል። ያን ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ሁሉም ቀረ። ጠዋት ቁርሱን ቆሞ በልቶ ወደ እትዬ ደስታ ይሮጣል። ልከተለው ስል «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ተመለሺ» ይለኛል። ሆዴ ባባ። ጌሙን የፈለግሁት ለጌሙ ብዬ አልነበረም፤ ዳዊት ያለበት መግባት ነው የፈለግሁት።

አንድ ቀን ጨክኜ ሄድኩ። መጋረጃውን ልገልጥ ስል እትዬ ደስታ ከበርጩማቸው ሳይነሱ «ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ጌም ልጫወት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ገና ነሽ።»

«መቼ ነው ገና የማልሆነው?»

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። «ጊዜው ሲሆን እኔ እነግርሻለሁ።»

እንዴት እንደሚያውቁት አልነገሩኝም፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ አልኩ። አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ስሄድ መምህሩ ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዝዞኝ ነበር። ነካሁ፤ ተመዘገብኩ። የደረሰ ልጅ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጌም ደግሞ የትልልቅ ልጆች ስለሆነ ጆሮ ብቻ መንካት አይበቃም፤ ከጆሮ ማለፍ አለበት። ዳዊትን ሳስሞክረው ጣቱ በአናቱ ዞሮ የከንፈሩን ጫፍ ነካ። በቃ፣ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ለትምህርት ቤት ጆሮ፣ ለጌም አፍ።

ሐምሌን ሙሉ ክንዴን ሳስረዝም ከረምኩ። በበሩ መቃን ላይ እንጠለጠላለሁ። ስተኛ እጄን አናቴ ላይ አድርጌ በእማዬ ሻሽ አስረዋለሁ፤ ጠዋት ክንዴ ደንዝዞ የሌላ ሰው ይመስለኛል። እማዬ «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር።

የቤት ሥራዬ ዳዊትን መጥራት ነበር። ውሃ ሊቀዳ ሲፈለግ፣ ምሳ ሲደርስ፣ አባዬ ከጋራዥ ሊመጣ ሲል «ሰብለ፣ ሂጂ ጥሪልኝ» እባላለሁ። መጋረጃው ጋ ቆሜ «ዳዊት! እማዬ ትጠራሃለች!» ስል ከውስጥ «ቆይ!» ይመጣል። እንደገና እጠራለሁ። «ቆይ አልኩሽ እኮ!» ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። የሁሉም ልጆች መልስ ይኸው ነበር። አልፎ አልፎ ብቻ አንዱ «አቤት!» ብሎ ጆይስቲኩን ያስቀምጥና እየሮጠ ይወጣል፤ ሌሎቹ ይስቁበታል። እትዬ ደስታ ያን ጊዜ ከቅቤያቸው ቀና ብለው የወጣውን ልጅ በዓይናቸው ይሸኙታል። ምን እንደሚያዩ አልገባኝም ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደረሰ። ከደጃችን ያለው ቱቦ ሞልቶ ውሃው ወደ ቤት ይገባ ጀመር። አባዬ አየር ጤና ጋራዡ ውስጥ ነው። እማዬ የጤፉን ጆንያ ከወለሉ ላይ ልታነሳ እየታገለች «ሩጪ፣ ዳዊትን ጥሪልኝ! ብቻዬን አልችለውም!» አለችኝ። ፌስታል አናቴ ላይ ደፍቼ በረርኩ።

ስደርስ መጋረጃው ተገልጦ ነበር። እንደዚያ ተገልጦ አይቼው አላውቅም። ዳዊት ከአንድ ትልቅ ልጅ ጋር እኩል ወጥተው ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደርሰዋል። ጓዳው ጢም ብሏል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዟል። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። «ቆይ፣ ይቺን ብቻ» አልኩ በሆዴ። አገባ። ያኛውም አገባ። ይቺን ብቻ። ነገር ዓለሙን ረስቼ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። በመጨረሻ ዳዊት አሸነፈ፤ ጓዳው በጩኸት ተናጋ። ዞር ሲል በር ላይ አየኝና ከደስታው ብዛት ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ሰቀለኝ። ክረምቱን ሙሉ የተመኘሁት ትከሻ ነው። እንዴት ብዬ ከዚያ ላይ ሆኜ «ና፣ ትፈለጋለህ» ልበለው? ትንሽ ልቆይ አልኩ። ሌላ ጨዋታ ተጀመረ፤ እኔ ትከሻው ላይ ነኝ።

ጎረቤታችን መጥታ «እናታችሁ ወድቃለች!» እስክትል ድረስ አልወረድኩም።

እማዬ ጆንያውን ብቻዋን ስትጎትት እርጥቡ ሲሚንቶ አንሸራቷት የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ወጌሻው በሸምበቆ አጋድሞ ሲያስርላት ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ከአልጋው ሥር ገብቼ ነበር።

አባዬ ዝምተኛ ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ገና የጋራዥ ቱታውን ሳያወልቅ ዳዊትን ፊቱ አቆመው። «እህትህ ተልካ ጠርታሃለች። ለምንድነው ያልመጣኸው?»

ዳዊት ዞሮ አየኝ። የገባው ያን ጊዜ ነው። እኔ እግሬን አየሁ።

«ይቅርታ፣ አባዬ» አለ ዳዊት።

«ከእንግዲህ እዚህ ሰፈር አታድግም» አለ አባዬ። «መስከረም ሳይጠባ ደብረ ማርቆስ አጎትህ ዘንድ ትሄዳለህ።»

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ደብረ ማርቆስን የማውቃት አጎቴ በሚልከው ማር ብቻ ነበር። ማሩ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ዳዊትም እንደ ማሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጣሳ ባይሆንም በአውቶቡስ፣ ሊመጣ ነው ማለት ነው። በነጋታው ልብስ ማጠቢያው ጋ ብቻውን አገኘሁትና «ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ሌላ ቀን ስትጠሪኝ መጥቼ አውቃለሁ?» አለኝ። «ያው ነው። ደግሞ አንቺን ቢቆጣሽ ታለቅሻለሽ።»

በጣም አለቀስኩ። እሱ ግን ቆርኪ ፈልጎ መኪና ሠራልኝ።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ስሞክር ጣቴ በአናቴ ዞሮ ከንፈሬን ነካ። ዳዊት ሳይሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አብሬው ብጫወት ብዬ ወደ እትዬ ደስታ ሮጥኩ። ጾም ስለሆነ ቅቤ የሚገዛ የለም፤ ሱቁ ጭር ብሏል። እሳቸው አንድ የመጣላቸውን ቅቤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። «እትዬ ደስታ፣ ይዩኝ!» ብዬ አንገቴን አጣምሜ ከንፈሬን ነካሁ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ጥርስሽን አሞሽ ነው?»

ስለ ጆሮውና ስለ አፉ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠራርገው ወደ ጭናቸው ጠቆሙ።

«ይሄን እይው። ደህና ቅቤ ነው?»

ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል። «ደህና ነው» አልኩ።

ቀጭን ስንጥር አንስተው ከላይ እስከ ታች ወጉትና መዝዘው አሸተቱት። ለእኔም አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ። ሙዝ ሙዝ ይላል። «መሐሉን በሙዝ ሞልቶታል ሌባ! እኔ ከላይ አይቼ ገዝቼ አላውቅም። በልጅም እንደዚሁ ነው። ዕድሜውንም አልጠይቅ፣ ቁመቱንም አላይ። እዚህ ተቀምጬ እናቱ ስትጠራው የሚመልሰውን እሰማለሁ። ‹አቤት› ብሎ የተነሳ ልጅ፣ ጌሙን እሱ ይዞታል። ‹ቆይ› ካለ፣ ጌሙ ነው የያዘው።»

«እኔ ሁልጊዜ አቤት ነው የምለው!»

ስንጥሩን እንደያዙ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ዝናቡ የጣለ ዕለት ያቺ በር ላይ ቆመሽ ነበር፤ አይቼሻለሁ። ዳዊትን ጠራሽው?»

የባኞው ውሃ ውስጥ ያለውን ኮባ መቁጠር ጀመርኩ።

«እኔ አልናገርም» አሉኝ በቀስታ። «የራስሽ ነው። በይ ሂጂ፣ ገና ነሽ።»

እንደዚያ ቀን የጠላኋቸው ጊዜ የለም። ቤት እስክደርስ በሆዴ ስሰድባቸው ነበር። ግን ስንጥሩ አልለቀቀኝም። ዳዊት አጠገቤ ሲቀመጥ፣ እማዬ በአንድ እጇ ሽንኩርት ልትልጥ ስትታገል ሳይ፣ የሆነ ነገር ከላይ እስከ ታች ይወጋኛል። የዳዊት ልብስ ታጥቦ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ገባ። አጎቴም አልጋ አዘጋጅቻለሁ ብሎ ደወለ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባዬ ደጅ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውል ነበር። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ዳዊትን አልጠራሁትም።»

«መቼ?»

«እማዬ የወደቀች ቀን። በር ላይ ቆሜ ጌም ሳይ ነበር። እሱ አልሰማም። ምንም አላልኩትም።»

ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ገለጥኩት። አባዬ ወደ እኔ ሳይሆን ቤት ውስጥ ወዳለው ሻንጣ ነበር የሚያየው።

«እሱስ ለምን ዝም አለ?» አለ።

እማዬ የታሰረ እጇን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰምታናለች። «ያንተ ልጅ ነዋ!» አለችው።

አባዬ ተነስቶ ገባ። ሻንጣውን ከፍቶ የዳዊትን ልብስ አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲመልስ አየሁት። ወንዶች ልብስ ማጠፍ አይችሉም፤ ያ ሸሚዝ ግን ያን ያህል ተጠንቅቆ ታጥፎ አያውቅም። ለእኔ የተፈረደብኝ የእማዬ እጅ እስኪድን ድረስ ዕቃ ማጠብ ነው። እማዬ ዘንድ ሄጄም አንገቷ ሥር ገብቼ አለቀስኩ፤ በደህና እጇ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች «አውቄ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ፍልሰታ እንደተፈታ አባዬ «እስቲ ይሄን ጌም የሚባል ነገር ልየው፣ ሳላየው ነው የምከለክለው» ብሎ ሁለታችንንም ይዞ ሄደ። እትዬ ደስታ እኔን ሲያዩ ምንም አልጠየቁም፤ አባዬ ከኋላዬ ሆኖ «ነግራኛለች» አላቸው። ከበርጩማቸው ተነስተው መጋረጃውን በራሳቸው እጅ ገለጡልኝ። «ግቢ ልጄ። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

ከዳዊት ጋር ተጫወትኩ። አምስት ለባዶ አሸነፈኝ፤ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። ትከሻው ትከሻዬን እየነካው ነበር። ቀጥሎ አባዬ የዳዊትን ጆይስቲክ ተቀበለ። እነዚያ ሞተር የሚፈቱ ጣቶቹ አንዷን ትንሽ ቁልፍ መጫን አቃታቸው፤ ተጫዋቹ ማዕዘን ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። አባዬ ላብ አጠመቀው። ኳሱን ነጥቄው ወደ ጎሉ እየቀረብኩ ሳለ ከደጅ እኔንና አባዬን የሚጠራ የእማዬ ድምፅ መጣ።

«ሰብለ! ታደሰ! ምሳ ደርሷል!»

«አቤት!» አልኩና ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጬ ተነሳሁ።

«ቆይ!» አለ አባዬ። እኔ የተውኩትን ኳስ ቀምቶ፣ ማንም በሌለበት ሜዳ እየተንደረደረ ሄዶ በሕይወቱ የመጀመሪያዋን ጎል አገባ። «ጎል!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ሁሉም ልጅ ወደ እትዬ ደስታ ዞረ።

«ጋሽ ታደሰ» አሉ እትዬ ደስታ፣ «እርስዎ ገና ነዎት።»

አባዬ እስኪያልፍ ድረስ በዚያ ነገር ሲስቅ ኖረ። እትዬ ደስታም ዛሬ የሉም፤ ሱቃቸው የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። በሕይወት እያሉ አመሰግናለሁ ብያቸው አላውቅም። ያን ቀን ለአባዬ ሄደው ቢነግሩልኝ ኖሮ ወንድሜ ይቀርልኝ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ሰው እሆን ነበር። የሰው ልጅ እንዲህ ይታገሣል? እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።

ቅዳሜ ማታ ካርቶኑን ከቁም ሳጥን አውርጄ ከፈትኩት። ናቲ ከአባቱ ጋር ሲጫወት ማድ ቤት ሆኜ ጠበቅኩና ጠራሁት። «ቆይ!» አለኝ። ሁለቴ ጠራሁት፤ «ቆይ እማ!» ጌሙን ወደ ካርቶኑ መለስኩት። አለቀሰ። «መቼ ነው ገና የማልሆነው?» ሲለኝ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ላጽናናው ብዬ እጄን በአናቴ አዙሬ አፌን ለመንካት እንዴት እንደተሰቃየሁ ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳልነግረው እንቅልፍ ወሰደው።

ዛሬ ጠዋት በመኝታ ቤቱ በር ሳልፍ መስታወት ፊት ቆሞ አየሁት። ምላሱን አውጥቶ፣ አንገቱን አጣምሞ፣ ክንዱን በአናቱ አሳልፎ ከንፈሩን ሊደርስበት ይታገላል። ጣቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይቀረውም። እግሬን አቅልዬ ወደ ማድ ቤት ተመለስኩና «ናቲ!» ብዬ ጠራሁት።

«አቤት እማ!»

እየሮጠ መጣ። እጁ አሁንም አናቱ ላይ ነበር።